አባቱ ያልታወቀ ዘር

ቤታችን ውስጥ የጤፍ ሊጥ የሚቦካበት ጥግ አለ። የውሃ ማሞቂያው ጎን ነው። ሲያትል በብርድ ስትንቀጠቀጥ እንኳ እዚያ ጋ ሙቀት አይጠፋም። ባለቤቴ ቡሃቃዋን እዚያ ታስቀምጣለች። እኔ ደግሞ ከቡሃቃው ጎን ዚፕ ያላቸው ፌስታሎች እደረድራለሁ። በያንዳንዱ ፌስታል ውስጥ ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ እርጥብ ብናኝና አሥር አሥራ አምስት ፍሬ አለ። የዘንባባ ዘር ነው። ነገሩን ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ግን እስካሁን «ያንን ጭቃህን ከሊጤ አርቅልኝ» ማለቷን አልተወችም።

እንግዳ ሲመጣ ማስረዳት ይከብዳል። አንዴ ጎረቤታችን አንዱን ፌስታል አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችና «ውይ፣ ቡናችሁ ሻግቷል እኮ!» አለች። አልፈረድኩባትም። ከሂማላያ ተራሮች አካባቢ የሚመጣ፣ ትራኪካርፐስ ማርቲያነስ የሚባል የዘንባባ ዓይነት ነበር። ፍሬው ቁርጥ ቡና ነው። በአንድ ጎኑ ያለችው ስንጥቅ ሳትቀር አለችው። እሱን ለማግኘት ስንት ደብዳቤ እንደጻፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። የባሕር ዳር ልጅ ዘንባባን አያየውም። በየመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ስለሚኖር ከመብራት ምሰሶ ለይተን አናየውም። ዓይናችን ውስጥ የሚገባው በዓመት አንድ ቀን፣ ለሆሳዕና ነው። ያን ቀን ቀለበት ይሆናል፣ መስቀል ይሆናል፣ ግንባር ላይ ይታሰራል። ከዚያ ይደርቅና ይረሳል። እኔም ረስቼው ነው አሜሪካ የገባሁት።

እ.ኤ.አ. በ2010 ኖቬምበር ላይ ታክሲ እነዳ ነበር። አንድ ተሳፋሪ ባላርድ ሰፈር አደረስኩና ሌላ ጥሪ እስኪመጣ ጀልባ ማሳለፊያው ጋ ወረድኩ። በ1917 የተከፈተ ቦታ ነው። ጀልባዎች ከሐይቁ ወደ ባሕሩ፣ ከባሕሩም ወደ ሐይቁ፣ ውሃው ከፍና ዝቅ እየተደረገላቸው ያልፋሉ። ጎኑ ላይ የአትክልት ቦታ አለ። ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ይወርዳል። አንገቴን ጃኬቴ ውስጥ ቀብሬ ስራመድ ዘንባባ አየሁ። ቆምኩ። ፕላስቲክ መስሎኝ ተጠግቼ ነካሁት። ላዩ ላይ በረዶ ተኝቶበታል። በረዶውን በእጄ ስጠርገው ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ምንም አልሆነም።

«የመጣ ሁሉ ይነካዋል» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ። ጡረታ የወጣ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነው። ጃንጥላ እንኳ አልያዘም። ያን ዕለት ታክሲዬን ረስቼ አንድ ሰዓት ሙሉ አዳመጥኩት። የአትክልቱ ቦታ በካርል ኢንግሊሽ ስም ነው የሚጠራው። ካርል ኢንግሊሽ ከ1931 እስከ 1974 እዚያ ሠርቷል። ከግንባታ የተረፈውን ሜዳ በየአገሩ ዛፍ የሞላው እሱ ነው። ብዙውን ነገር ያገኘው እንደሱ ከመሰሉ ሰዎች ጋር ዘር በፖስታ እየተለዋወጠ ነበር። ሽማግሌውም በዚያው በሽታ የተያዘ መሆኑ ዓይኑ ላይ ያስታውቃል።

ከሁለት ወር በኋላ ከራሱ ጓሮ ዛፍ አሥር ዘር ሰጠኝ። እያንዳንዷ ዘር የጣት ጥፍር ታክላለች፣ ኩላሊት ትመስላለች። ፖስታው ላይ በእርሳስ ብዙ ጽፏል። እናት ዛፏ ያለችበት ሰፈር፣ የተተከለችበት ዓመት፣ የቻለችው ከባድ ብርድ፣ ፍሬው የተለቀመበት ቀን። መጨረሻ ላይ «አባት፦ አይታወቅም» ይላል። ይህ ዘንባባ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ሴቷን ታውቃታለህ፣ ፍሬው ላይዋ ነው። የወንዱን ዱቄት ግን ከየትኛው አጥር ጀርባ ነፋስ ወይ ንብ እንዳመጣው ማን ያውቃል?

ዘር የሚለዋወጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ዘሩ ከየት ነው? እናቱ የት አደገች? ስንት ዲግሪ ቻለች? ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምቼ በልቤ በአማርኛ ስመልሰው መጀመሪያ ደንገጥ አልኩ። «ዘርህ ከየት ነው?» የምትለዋን ጥያቄ የማውቃት ከሌላ ቦታ ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ሠርግ ላይ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ታክሲ ሰልፍ ላይ። የማያውቅህ ያገርህ ሰው በወሬ መሐል ጣል ያደርጋታል። በቀጥታ አይጠይቅም፣ ጨዋ ነው። «አገር ቤት የት አካባቢ ነበርክ?» ይልሃል። ቀጥሎ «አባትህ ማን ይባላሉ?»። የአያትህ ስም ላይ ሲደርስ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይገባሃል። መልሱ ከአፍህ ሳይወጣ ፊቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል። ወይ ይፈታል፣ ወይ ይቋጠራል።

የዘንባባ ሰዎች ጥያቄ በቃል ያው ነው። ግን የሚጠይቁህ የት ቢተከል እንደሚኖር ለማወቅ ነው። ቃሉን መልሼ ለመልመድ ዓመታት ፈጀብኝ። ዛሬም ካፌ ውስጥ ስልክ ይዤ «የሱ ዘር ይሻላል፣ የዚያኛው ዘር ብርድ አይችልም» ስል፣ አጠገቤ ያለ ሐበሻ ሁሉ ቀና ይላል።

የዘር ጉራም አለ። ትራኪካርፐስ ፎርቹናይ ከሚባለው፣ ማለትም ባላርድ ከነካሁት ዘንባባ መሐል፣ «ቡልጋሪያ» የሚል ስም የወጣለት አለ። ፕሎቭዲቭ ከተማ ካሉ ዛፎች የመጣ ነው ይባላል። ይህ ስም የተጻፈበት ፖስታ በዘር ወዳጆች ዘንድ ክብሩ ሌላ ነው። ችሏል የሚባለው ብርድ ግን ወሬው ሰው በቀየረ ቁጥር አንድ አንድ ዲግሪ ዝቅ ይላል። የአዳኝ ወሬ ነው፤ የተገደለው ነብር በየዓመቱ ያድጋል።

«ፎርቹናይ» የሚለው ስም ከስኮትላንዳዊው ሮበርት ፎርቹን የመጣ ነው። ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ብሎ የቻይናን የሻይ ችግኝ በድብቅ ወደ ሕንድ ያሻገረው ሰውዬ ነው። ይህን ዘንባባ ቻይና ውስጥ ቹሳን ደሴት ላይ አይቶት በ1849 ወደ እንግሊዝ ላከው። ሲቦልት የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ግን ቀድሞት በ1830 ዘሩን ከጃፓን ወደ ሆላንድ ልኮ ነበር። ስሙን የወሰደው ኋላ የመጣው ነው፣ ያለ ነገር ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የቻይና ገበሬ ይህን ዛፍ የሚተክለው ለጌጥ አልነበረም። ግንዱን የሚሸፍነውን ቡናማ ጭረት እየላጠ ገመድ ይገምድበታል፣ ለዝናብ የሚደርበውን ካባም ይሠራበታል። የካባውን ሥዕል ሳይ ጮህኩ። ገሳ ነው! የጎጃም እረኛ ሐምሌ ላይ የሚደርባት ገሳ፣ አሠራሯ ሳይቀር።

የመጀመሪያዎቹን አሥር ዘሮች ገደልኳቸው። እንደ በርበሬ መስኮት ላይ አሰጣኋቸው። ጤፍና ሽንብራ እያየ ያደገ ሰው ዘር መድረቅ እንዳለበት ነው የሚያውቀው። የዚህ ዘንባባ ዘር ከደረቀ ግን አለቀለት። ለሽማግሌው ስነግረው አልተቆጣም፣ ሌላ አሥር ሰጠኝ። ሁለተኛው ላይ እንዳለኝ አደረግኩ። ሥጋውን ከዘሩ ላይ አጠብኩ፣ ውሃውን በየቀኑ እየቀየርኩ ሁለት ቀን ዘፈዘፍኩት፣ ከዚያ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት። ብናኙ እርጥብ መሆን አለበት፣ ግን ጨመቅ ስታደርገው ውሃ ጠብ ማለት የለበትም። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው። ፍቅር ይበዛና ይበሰብሳል።

በሰባተኛው ሳምንት ነጭ ነገር ብቅ አለ። ቅጠል መስሎኝ ቤተሰቡን ሁሉ ጠራሁ። ሥር ነው። መጀመሪያ ወደ ታች ይሄዳል፣ ወደ ላይ የሚያስበው ቆይቶ ነው። ቅጠሉ ሲወጣ ደግሞ አንዲት ቀጭን ዘንግ ናት። ያኔ ትንሽ የነበረችው ልጄ አየት አደረገችውና «አባ፣ ሣር ነው ያበቀልከው» አለችኝ። ብዙም አልተሳሳተች። ዘንባባ በሥጋ ዝምድና ከዋርካና ከዝግባ ይልቅ ለጤፍ ይቀርባል። ግንዱ እንደ ሌላ ዛፍ በየዓመቱ ቀለበት አያወጣም። የሚያድግበት ልብ አንድ ብቻ ነው፣ አናቱ ላይ። እሱ ከሞተ ሁሉም ሞተ።

ብርድ በመቻል ግን የሁሉም አለቃ የመርፌ ዘንባባ የሚሉት ነው። የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ተወላጅ ነው፣ አጭር፣ እሾሁ መርፌ የሚያክል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይችላል። ዘሩ ግን ሰው ያስረጃል። በስድስት ወር ከበቀለ ቸኩሏል ማለት ነው፣ ሁለት ዓመት የሚተኛም አለ። ይህን ዘር ያገኘሁት በእንሰት ነው።

እዚህ አገር ችግኝ የሚሸጡ ቤቶች «የአቢሲኒያ ሙዝ» የሚሉት ቅጠሉ ቀይ ተክል አለ። እንሰት ነው። ለጌጥ ይተክሉታል፣ ብርድ ሲመጣ ነቅለው ጋራዥ ያስገቡታል። ቆጮ እንደሚወጣው ስትነግራቸው ይስቃሉ። ኦሪገን ያለች አንዲት አትክልት ወዳጅ አንድ ብቻ እንዳላትና ማብዛት እንደምትፈልግ ጻፈችልኝ። ኢትዮጵያዊ ስለሆንክ ታውቃለህ ብላ ነው። እኔ ስለ እንሰት ምን አውቃለሁ? ጎጃሜ ነኝ። አብሮኝ የሚነዳ የጉራጌ ልጅ ግን እናቱ ጓሮ ያደገበት ነው። (ዘር ቆጠርክ እንዳትሉኝ፣ የጠየቅኩት ስለ ዘር ነው።) እሱ በስልክ እየነገረኝ እኔ እየጻፍኩ ላክንላት። አሚቾውን ቁረጪ፣ የመሐሉን ልብ አውጪ፣ ክፍተቱን በአፈርና በፍግ ሙዪና ቅበሪው፣ ከዚያ ዙሪያውን ይፈላልሻል። በዚያው ዓመት 19 ችግኝ አወጣች። ለምስጋና 30 የመርፌ ዘንባባ ዘር ላከችልኝ። ዘሩን ለጓደኛዬ አሳየሁት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና «ይበላል?» አለኝ። አይበላም አልኩት። መለሰልኝ።

ለሙቀትም ለብርድም ፈተና የሚሆን ዓመት ቢባል 2021 ነው። ጁን 28 ቀን ሲያትል 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገባች። አስፋልቱ ይለጠፋል፣ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልተቻለም። ዲሴምበር 27 ደግሞ ከዜሮ በታች 8 ወረደች። በአንድ ዓመት ውስጥ 50 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። በ2011 ካበቀልኳቸው አንዱን ጓሮ ተክዬው ነበር፣ ያኔ ደረቴ ደርሷል። ልቡ ላይ የገና መብራት ጠመጠምኩለት። የድሮውን አምፖል ነው የምልህ፣ የሚሞቀውን። አዲሱ ኤል ኢ ዲ ያበራል እንጂ አያሞቅም። ጎረቤቶቻችን የነሱን በዓል ጨርሰው መብራታቸውን አወረዱ። የኔ ብቻ ቀረ። አንዱ በአጥር በኩል አሾፈብኝ። «ገናችን ገና ነው» ልለው አስቤ በእንግሊዝኛ እንደማይሆን ገባኝና ተውኩት።

ትልቁ ተረፈ። በመትከያ ያለ አንድ ትንሽ ግን ፌብሩዋሪ ላይ ሄደ። መሐሉ ላይ እንደ ጦር የሚቆም አዲስ ቅጠል አለው፤ ሳብ ሳደርገው ተመዞ እጄ ላይ ቀረ። የታችኛው ጫፉ በስብሷል፣ ይሸታል። አናቱ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ነው የጨረሰው፣ ብርዱ ብቻ ቢሆን ይችለው ነበር። ክዳን አድርግለት ተብዬ ነበር። ሰነፍኩ።

ዘር በፖስታ መላክም እንደድሮው አይደለም። በ2020 ጁላይ ላይ በመላው አሜሪካ ሰዎች ያላዘዙት ዘር ከቻይና በፖስታ ይደርሳቸው ጀመር። መንግሥት አትትከሉት ብሎ አወጀ። ያን ሰሞን ፖስታ አመላላሻችን እኔ ላይ የሚጥለው ዓይን ልዩ ነበር። ዙሪክ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደግሞ ዘር ላክልኝ ብሎኝ እምቢ ብዬው ተቀይሞኛል። ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ በተለይ በደቡቡ በቲቺኖ በኩል፣ ይህ ዘንባባ ከየግቢው አምልጦ ጫካ ገብቷል። ወፎች ፍሬውን ይበሉና ይዘሩታል። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ መሸጥም በስጦታ መስጠትም ተከልክሏል። ይህን ስነግረው «ለወንድምህ አንዲት ፍሬ ነሳኸኝ» አለኝ። አዎ፣ ነሳሁት።

አንድ ዓመት ለሆሳዕና ከጓሮዬ ቅጠል ቆርጬ ቤተ ክርስቲያን ይዤ ሄድኩ። የታዘዘው ዘንባባ ዘግይቶ ነበር። አንዲት እናት ተቀብለውኝ አገላበጡት።

«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»

«ዘንባባ ነው እማማ።»

«ዘንባባማ እንዲህ አይደለም። ይሄ ማርገብገቢያ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ያገር ቤቱ ቅጠል እንደ ላባ ግራና ቀኝ ይዘረዘራል፣ የኔው እንደ መዳፍ ይከፈታል። እሳቸው ግን እያሙት አንዷን ጣት ገነጠሉ፣ በጥፍራቸው ሰነጠቁት፣ ሳያዩ ጎነጎኑት። ቀለበቷን ጣቴ ላይ አድርገውልኝ «ይሠራል» አሉ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ «ማርገብገቢያህን አምጣ» ይሉኛል።

በ2023 ሜይ ላይ ዛፌ አበበ። 12 ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው። ከቅጠሎቹ መሐል ቢጫ ነገር ተዘረገፈ፣ ልክ ሆዱ የተከፈተ ዓሣ እንቁላል። ከራሴ ዛፍ ዘር ለቅሜ ለሽማግሌው ልመልስለት፣ ፖስታውን እንደሱ በእርሳስ ልጽፍበት፣ በልቤ ሁሉን ጨርሻለሁ። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። መጀመሪያ ሳቁ ነው የመጣው።

«እንኳን ደስ አለህ» አለኝ። «ወንድ ነው።»

ወንድ ፍሬ የለውም። አበባው ረግፎ ያልቃል፣ በቃ። ሁለት ቀን ያህል ዛፉን አኮረፍኩት። ባለቤቴ «ልጅ ስንወልድ ምንም ይሁን ጤና ይስጠው ብለህ አልነበር?» ብላ ሳቀችብኝ።

በቀጣዩ ዓመት ሽማግሌው ከአንዲት ሴትዮ ጋር አገናኘኝ። ቢከን ሂል ላይ ትኖራለች። ጓሮዋ ውስጥ ያለችው ዘንባባ ሴት ናት፣ በየዓመቱ ታብባለች፣ ግን በአካባቢው ወንድ ስለሌለ ፍሬ ይዛ አታውቅም። የኔው ሲያብብ አንድ ዘለላ ቆርጬ ማታ ነጭ ወረቀት ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ወረቀቱ ቢጫ ዱቄት ለብሷል። በወረቀት ጠቅልዬ ፍሪጅ ከተትኩት። «ይሄን እርድ ፍሪጅ ውስጥ ማን ከተተው?» የሚል ድምፅ ስሰማ ሮጬ ደረስኩ። አልጫው ምድጃ ላይ ነበር።

የሴቷ አበባ እስኪከፈት አንድ ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ ዱቄቱን ይዤ ሄድኩ። ሴትዮዋ መሰላል ያዘችልኝ፣ እኔ በልጄ የሥዕል ብሩሽ አበባው ላይ ነሰነስኩት። ዝናብ እንዳያጥበው ፌስታል አለበስነው። ሻይ አፈላችልኝ። በወሬ መሐል ከየት አገር እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ከየትኛው ክፍል አላለችኝም። እሷ የምታውቃት ኢትዮጵያ አንድ ናት።

ባለፈው ጃንዋሪ ትንሽ የካርቶን ሳጥን በፖስታ መጣልኝ። ውስጡ 40 ዘር አለ፣ እርጥብ ሶፍት ላይ ተደርድሮ፣ ገና ሰማያዊ አቧራው ያልለቀቀ ቅርፊት የተለጠፈበት። ወረቀቱ ላይ የእናት ዛፏ ሰፈር፣ የተተከለችበት ዓመት፣ የቻለችው ብርድ ተጽፏል። ከሱ በታች «አባት» ይልና የኔ ጓሮ አድራሻ አለ፣ 2011 የሚል ዓመት፣ በቅንፍ ደግሞ የሽማግሌው ዛፍ፣ የአባትየው እናት።

አጥቤ ሁለት ቀን ዘፈዘፍኩት። ፌስታሉ ላይ ዘሩን ከነአያቱ በአማርኛ ጻፍኩትና ወደ ጥጉ ወሰድኩት። ባለቤቴ ሊጥ እያየች ነበር። ፌስታሉን ተቀብላኝ ጽሑፉን አነበበችው፣ አንዴም ደገመችው። ከዚያ ቡሃቃዋን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ።